ኬክ ቆርሶ ክሊራንስ ማገት

ታክሲ ውስጥ ሆኜ ነው የምጽፈው። ከመገናኛ ወደ ሜክሲኮ መንገዱ ተዘግቷል፤ የፊደል ግድፈት ካለ እለፉኝ።

ዛሬ ጠዋት አንድ ድርጅት ለሠራተኞቹ ስለ ሥራ ተነሳሽነት ሥልጠና እንድሰጥ ጠርቶኝ ነበር። ስሙን አልጠራም። አዳራሹ አምሯል፣ ሁሉም አንድ ዓይነት ቲሸርት ለብሷል፣ ደረቱ ላይ «እኛ ቤተሰብ ነን» ይላል። ሥራ አስኪያጁ ኬክ ሲቆርሱ ቪዲዮ ተቀረጸ።

ለሻይ ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ አንድ ጎልማሳ ሰው ወረቀት ይዞ የተቆለፈ በር ያንኳኳል። ሲያየኝ «እህቴ፣ ይፈርሙልኛል?» አለኝ። የቤቱ ሰው መስዬው ነው። እዚያው ድርጅት ሰባት ዓመት መጋዘን ሠርቶ ከለቀቀ ሦስት ወር ሊሞላው ነው፤ እስከ ዛሬ ክሊራንስ ያዞራል። አዲሱ አሠሪ የሥራ ልምድ አምጣ ብሎ ቀን ቆርጦለታል፤ የድሮው ክሊራንስ ሳትጨርስ አንጽፍም ብሎታል። ፈራሚዎቹ የት ናቸው? ሥልጠና ላይ። የእኔ ሥልጠና ላይ!

ቅጹን ተቀብዬ አየሁት። 14 ፊርማ ይጠይቃል። አንደኛው መስመር «ቤተ መጻሕፍት» ይላል። ድርጅቱ ቤተ መጻሕፍት የለውም፣ ኖሮትም አያውቅም። ከየትኛው ኮሌጅ እንደገለበጡት እንጃ፤ አርማውን ብቻ ለውጠውታል።

እንግዲህ በቅደም ተከተል ላስረዳ። ደመወዝ በቀኑ ክፈሉ፣ ሰው አትሳደቡ የሚለውን አልጽፍም፤ እሱን የማያውቅ ይህን ቻናል ባይከተል ይሻላል።

1. የሥራ ልምድ ደብዳቤ ችሮታ አይደለም። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 አንቀጽ 12 የአሠሪው ግዴታ ነው። ሠራተኛው ሲጠይቅ ወይም ውሉ ሲቋረጥ የሥራውን ዓይነት፣ የአገልግሎት ዘመኑንና ደመወዙን ገልጾ መስጠት አለበት። «ሲጠይቅ» የምትለዋን ቃል አስምሩባት። ሥራ ላይ ያለ ሰውም ሊጠይቅ ይችላል፤ ጠየቀ ተብሎ አይኮረፍም።

2. የመጨረሻው ሒሳብ ውሉ ከተቋረጠበት ቀን ጀምሮ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ ይከፈላል። ሊዘገይ የሚችለው ሠራተኛው በራሱ ጥፋት የተረከበውን ንብረት ወይም ያለበትን ገንዘብ ሳይመልስ ሲቀር ነው። ፈራሚው ፊልድ መውጣቱ የሠራተኛው ጥፋት አይደለም! ያለአግባብ ያዘገየ አሠሪ እስከ 3 ወር የሚደርስ ደመወዝ ጨምሮ እንዲከፍል ፍርድ ቤት ሊወስንበት ይችላል።

3. ቲክቶክ ላይ «የኤችአር አማካሪ» ነን የምትሉ፣ እባካችሁ አዋጁን አንብቡት። «ራስህ ከለቀቅክ የዓመት ፈቃድህ ይቃጠላል» ውሸት ነው፤ ያልተወሰደው ፈቃድ ተሰልቶ በገንዘብ ይከፈላል። «የሙከራ ጊዜ 45 ቀን ነው» የምትሉት በተሻረው በ377/96 ነው፤ አሁን እስከ 60 የሥራ ቀናት ነው። አዲሱ ከወጣ ስንት ዓመቱ! (የመንግሥት ሠራተኞች፣ እናንተ የምትተዳደሩበት አዋጅ ሌላ ነው። ኢንቦክስ አታጨናንቁኝ።)

4. ስለ ስብሰባ ልጽፍ ነበር፤ ተዉት። ወደ ሰውዬው ልመለስ፣ ነገሩ ያለው እሱ ጋ ነው።

ምሳ ላይ ሥራ አስኪያጁ «ሠራተኞቻችን ለምን ኃላፊነት ይሸሻሉ?» ብለው ጠየቁኝ። አዲስ ላፕቶፕ ተገዝቶ የሚረከብ ጠፋ፤ የጄኔሬተሩን ቁልፍ የሚይዝ የለም፤ ሁሉም «በስሜ አይውጣ» ይላል። ታዲያ ምን ይበል? የመጋዘኑ ሰው ከአራት ዓመት በፊት በሞዴል 22 ወጪ ያደረገውን ፓምፕ ሲመልስ ገቢ ደረሰኝ የቆረጠለት የለም፤ ዛሬ ዕዳ ሆኖ ተቀመጠበት። ይህን 80 ሠራተኛ በየቀኑ ኮሪደር ላይ ያያል። ነግ በኔ ይላል። ከዚያ ወዲያ እንኳን ፓምፕ፣ ስቴፕለር የሚረከብ አታገኙም። እኔ ስላይድ ላይ «ተነሳሽነት» ስል ሰዎቹ ዓይናቸው በሩ ላይ ነው።

«ክሊራንሱ ሸክም ካልሆነባቸው ሁሉም ይለቃል» የሚሉ ኃላፊዎችም አሉ። የያዛችሁት እኮ መሄጃ ያጣውን ነው። መሄድ የሚችለው ሰነዱን ቀደም ብሎ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ጨርሷል።

ደብዳቤው ሲገኝ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። «የሥራ ግብር ከደመወዛቸው ተቀንሶ ለመንግሥት ገቢ ተደርጓል» የምትል ዓረፍተ ነገር ከጎደለች አዲሱ መሥሪያ ቤት ይመልሰዋል። የድሮው መዝገብ ቤት «ፕሮቶኮል ቁጥር ወጥቶለታል፣ አይታረምም» ይላል። ተቆጣጣሪ መጣ ሲባል ደስ ይለኛል፤ መጥቶ የእሳት ማጥፊያውንና የመጀመሪያ እርዳታ ሣጥኑን አይቶ፣ ሻይ ጠጥቶ ይሄዳል። የለቀቁ ሰዎችን ፋይል አምጡ ያለ አንድም አልገጠመኝም። 16 ዓመት ሠርቻለሁ፣ አንድም!

መፍትሔው ከባድ ሆኖ አይደለም። የሚለቅ ሰው የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ይሰጣል፤ ርክክቡን በ30 ቀኑ ውስጥ ጨርሱት፣ በ31ኛው ቀን አትጀምሩት። ተቀጥሬ በሠራሁበት የመጨረሻ ቦታ ቅጹን ወደ 5 ፊርማ አወረድነው፤ የሚያዞረውም ሠራተኛው መሆኑ ቀርቶ የእኛ ክፍል ሆነ። ሒሳብ ክፍል ሁለት ወር ታገለን። ከዚያ ለመዱት። ከለቀቁት ሁለቱ ኋላ ተመልሰው አመለከቱ፤ አንዷን ቀጠርናት፣ የጄኔሬተሩንም ቁልፍ ሳታንገራግር ፈርማ ወሰደች።

ቅጹን የምትፈልጉ ከታች ጻፉልኝ፣ ነገ እለጥፋለሁ። ቤተ መጻሕፍት የለበትም። ወራጅ አለ!