«ረዳት»፣ «ተረጂ»፣ «አገናኝ»፦ ስለ ድጋፍ ገበያ ስያሜ

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው፣ አካል ጉዳተኞችን ድጋፍ ከሚሰጧቸው ሰዎች ጋር በበይነ መረብ የሚያገናኘው የገበያ ዐይነት በአማርኛ ምን ይባል የሚለውን ጥያቄ ነው። የተሳሳተ ስም አንድ ጊዜ ከተለመደ በኋላ ለመንቀል ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ «አካለ ስንኩል» የሚለው አስተምሮናል። «ስንኩል» እና «መሰናክል» ከአንድ ሥር የወጡ ናቸው፤ የመጀመሪያው ሰውየውን፣ ሁለተኛው በመንገዱ ላይ የተጋረጠበትን ዕንቅፋት ይሰይማል። እ.ኤ.አ. በ2006 በተባበሩት መንግሥታት ጸድቆ አገራችን በ2002 ዓ.ም. የተቀበለችው የአካል ጉዳተኞች መብት ስምምነት፣ ጉዳተኝነት የሚመጣው የአካል ጉዳትና የአካባቢ መሰናክል ሲገናኙ መሆኑን ያስገነዝባል። የቀድሞው ስያሜ ግን ሸክሙን ሁሉ በሰውየው ላይ የጣለ ነበር።

የገበያው አሠራር በአውስትራሊያ በግልጽ ይታያል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ2013 በወጣው ሕግ መሠረት ለድጋፍ የሚሆነው ገንዘብ በአካል ጉዳተኛው ስም ይመደባል፤ እርሱም የሚፈልገውን የሥራ ዐይነትና ሰዓት በበይነ መረብ ገልጾ ከቀረቡት ሰዎች መካከል ሊመርጥ ይችላል። «ሜብል» በተባለው ገበያ ድጋፍ ሰጪዎቹ ለራሳቸው የሚሠሩ ሲሆኑ፣ በ«ሃየርአፕ» ግን የድርጅቱ ተቀጣሪዎች ናቸው። ስለዚህ ፊተኛውን «አገናኝ» ማለት ሲያስኬድ፣ ኋለኛው «አሠሪ»ም ጭምር ነው። ሠራተኛው በሥራ ላይ ሳለ ቢጎዳ ማን እንደሚጠየቅ የሚያመለክት በመሆኑ ልዩነቱን ማደብዘዝ አይገባም።

«አገናኝ» የሚለው «ሥራና ሠራተኛ አገናኝ» በሚለው ሐረግ የታወቀ ስለሆነ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገንም። ከዐረብኛ የመጣው «ደላላ» ሥራውን ደኅና አድርጎ ቢገልጽም፣ «ደለለ» ከሚለው ግስ ጋር በድምፅ ስለሚገጥምና ማታለልን ስለሚያስታውስ ትተነዋል፤ ደላሎች ይቅር ይበሉን።

ከሁሉ የከበደን ድጋፍ የሚሰጠው ሰው ስም ነው። «ደጋፊ» ዛሬ የኳስ ቡድን ወይም የፖለቲካ ፓርቲ ሰው ነው። «ተንከባካቢ» ሕፃን ከመያዝና ሕመምተኛ ከማስታመም ጋር የተቆራኘ በመሆኑ ዐዋቂውን ሰው ልጅ ያደርገዋል። «መሪ» ለዐይነ ስውራን የተለመደ ነው፤ ሆኖም ዐይነ ስውሩን የኔታ በትር ይዞ የሚመራው ተማሪ፣ ወዴት እንደሚሄዱ የሚወስነው እርሱ አለመሆኑን ያውቃል። በዩኒቨርሲቲ ለዐይነ ስውር ተማሪ መጽሐፍ የሚያነብለት «አንባቢ» ደግሞ የአንድ ሥራ ስም ብቻ ሆኖ ይቀራል።

የቀረው «ረዳት» ነው። በዚህ ቃል ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ ለመረዳት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ የሚገኙትን የመካነ ሰላምንና የአካባቢዋን ሕዝብ ማሰብ ይበቃል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. ረኀብ ወሎን ከመታ ወዲህ «እርዳታ» ሲባል በቅድሚያ የሚታሰበው በጆንያ የሚመጣው ስንዴ ነው፤ «ተረጂ»ም ስሙ በመዝገብ ሰፍሮ ሰልፍ የሚጠብቅ፣ የሚሰጠውንም የማይመርጥ ሰው ነው። ገበያውን «የእርዳታ አገልግሎት» ብንለው የቦረና ወረዳ ሰው እንደገና ለስንዴ የተመዘገበ ይመስለዋል። የጎረቤት ድጋፍ ሌላ ነገር ነው፤ ሌላው አገር ዕድር የሚለውን ወሎ ቅሬ ይለዋል፣ የቅሬው ሰው ሕመምተኛ በቃሬዛ ሲሸከም ተራ ይገባል እንጂ ዋጋ አይጠይቅም። ይህን ከገበያው ስያሜ ጋር ለመቀላቀል ምክንያት አላገኘንም።

ይሁን እንጂ ሁለቱ ቃላት ከአንድ ግስ ቢወጡም አኗኗራቸው የተለያየ ነው። የአውቶቡስ ረዳት፣ የአናጢ ረዳት ስንል ረዳቱ የሚታዘዝ፣ የሚረዳው ሰው ደግሞ የሥራው ባለቤት ነው፤ ሾፌሩን ማንም «ተረጂ» አይለውም። ስለሆነም ለሠራተኛው «የግል ረዳት»፣ ለሚያሠራው ሰው «ተገልጋይ»፣ ለመገናኛው «የድጋፍ አገናኝ ገበያ» የሚሉትን አቅርበናል። የመጨረሻው ፍቺ እንዲህ ነው፦ አካል ጉዳተኛ የግል ረዳቱን በበይነ መረብ ራሱ የሚመርጥበት፣ በሥራው፣ በሰዓቱና በዋጋው ላይ የሚስማማበት ሥርዓት። አካል ጉዳተኞች ሥራ የማግኘት መብታቸውን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 568/2000 አሠሪ ለሠራተኛው የሚያግዘውን ሰው እንዲመድብ ግዴታ ይጥላል፤ ይህ ሰው ግን በተገልጋዩ የተመረጠ ስላልሆነ በፍቺው አይካተትም፣ «የተመደበ ረዳት» ይባላል።