ሞትን ማምለጥ በሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞች

ሞትን ማምለጥ በሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞች ውስጥ በተደጋጋሚ ከሚነሱ ጭብጦች አንዱ ነው። በእነዚህ ፊልሞች ገጸ ባህሪያት ከሞት ለማምለጥ የሚሞክሩት በተአምር ወይም በአስማት ሳይሆን በማሽን፣ በሕክምና ወይም በኮምፒውተር ነው። መንገዱ ከፊልም ፊልም ቢለያይም ብዙዎቹ ሁለት ጥያቄዎችን ያነሳሉ፦ ከሞት የተረፈው ያው ሰው ነው ወይስ ሌላ? ዋጋውንስ የሚከፍለው ማን ነው?

ቅድመ ታሪክ

ሐሳቡ ከሲኒማ በፊት የነበረ ነው። ሙሉ ቅጂው በግዕዝ ብቻ የተገኘው መጽሐፈ ሄኖክ የተሰየመው ሞትን ሳይቀምስ እንደተወሰደ በሚነገርለት በሄኖክ ነው። የአቡነ ገብረ መንፈስ ቅዱስ ገድል ጻድቁ 562 ዓመት እንደኖሩ ይተርካል። በግዕዝ የተጻፈው የታላቁ እስክንድር ታሪክም ስለ ሕይወት ውኃ ፍለጋ ያወሳል። በእነዚህ ትረካዎች ረጅም ዕድሜ ከሰው ችሎታ በላይ ነው። ሳይንሳዊ ልብወለድ ግን ሞትን ሊፈታ የሚችል የቴክኒክ ችግር አድርጎ ያየዋል። ለዚህ ፈር ቀዳጅ ከሆኑት አንዱ በ1818 እ.ኤ.አ. የታተመው የሜሪ ሼሊ «ፍራንከንስታይን» ሲሆን፣ በጄምስ ዌል አዘጋጅነት በ1931 እ.ኤ.አ. ታዋቂ ፊልም ሆኗል።

ዋና ዋና መንገዶች

አካልን መተካት፦ በ«ሮቦኮፕ» (1987 እ.ኤ.አ.) የተገደለ ፖሊስ ግማሽ ሰው ግማሽ ማሽን ሆኖ ይነሳል፤ ነገር ግን የድርጅት ንብረት ይሆናል። በ«ዘ አይላንድ» (2005 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ሀብታሞች ሲታመሙ አካላቸው የሚወሰድባቸው ክሎኖች በድብቅ ቦታ ይኖራሉ። የአንዱ መዳን የሌላው ሞት ነው።

ማቀዝቀዝና ማስተኛት፦ በስታንሊ ኩብሪክ «2001፦ ኤ ስፔስ ኦዲሲ» (1968 እ.ኤ.አ.) ሦስት ጠፈርተኞች ለረጅሙ ጉዞ ተኝተዋል። ሃል የተባለው ኮምፒውተር የሕይወት መቆጣጠሪያቸውን ሲያቋርጠው ሳይነቁ ይሞታሉ።

አእምሮን መገልበጥ፦ በ«ትራንሴንደንስ» (2014 እ.ኤ.አ.) ሊሞት የተቃረበ ተመራማሪ አእምሮው ወደ ኮምፒውተር ይገለበጣል። ሚስቱና ጓደኞቹ የሚያናግሩት እርሱን ይሁን ወይም እርሱን የሚመስል ፕሮግራም መለየት ይቸግራቸዋል። በጆሃንስበርግ ታሪኩ የሚፈጸመው «ቻፒ» (2015 እ.ኤ.አ.) ደግሞ ክፉኛ የቆሰለ መሐንዲስ አእምሮ ወደ ሮቦት ሲዛወር ያሳያል።

ዕድሜን መግዛት፦ በ«ኢን ታይም» (2011 እ.ኤ.አ.) ሰው ከ25 ዓመቱ በኋላ አያረጅም፤ ነገር ግን ጊዜ ገንዘብ ሆኗል። ለቡናም ለአውቶቡስም የሚከፈለው ከቀሪ ዕድሜ ላይ ነው። ሀብታሙ ለዘመናት ሲኖር፣ ደሃው ሰዓቱ ሲያልቅበት መንገድ ላይ ይወድቃል። በ«ብሌድ ራነር» (1982 እ.ኤ.አ.) ደግሞ 4 ዓመት ብቻ እንዲኖሩ የተሠሩ ሰው መሰል ፍጡራን ፈጣሪያቸውን ተጨማሪ ዕድሜ ይጠይቃሉ።

በኢትዮጵያ የተሠሩ ፊልሞች

ስፔናዊው ሚጌል ያንሶ ያዘጋጀው «ክረምብስ» (ፍርፋሪ፣ 2015 እ.ኤ.አ.) በኢትዮጵያ ከተሠሩ ጥቂት ሳይንሳዊ ልብወለድ ፊልሞች አንዱ ሲሆን በአማርኛ የሚነገር ነው። ዳንኤል ታደሰና ሰላም ተስፋዬ ይተውኑበታል፤ ከቀረጻ ቦታዎቹም አንዱ ዳሎል ነው። ታሪኩ የሚፈጸመው ሥልጣኔ ከፈራረሰ በኋላ ነው። ዋናው ገጸ ባህሪ ከዘመናት በፊት ሰማይ ላይ ቆሞ የቀረው መንኮራኩር መንቀሳቀስ ሲጀምር በእርሱ ተሳፍሮ ለመሄድ ተስፋ ያደርጋል። በዚያ ዓለም ሰዎቹ አልፈው የፕላስቲክ መጫወቻዎቻቸው እንደ ቅርስ ይከበራሉ። የማይክል ጆርዳን ምስል እንኳ ጸሎት ይደርስበታል።

የዚሁ አዘጋጅ «ጂሰስ ሾውስ ዩ ዘ ዌይ ቱ ዘ ሃይዌይ» (2019 እ.ኤ.አ.) አእምሮን ወደ ኮምፒውተር ከማስገባት ጭብጥ ጋር ይቀራረባል። ዳንኤል ታደሰ የሚጫወተው የስለላ ሠራተኛ ቫይረስ ለማጥፋት ምናባዊ ዓለም ውስጥ ይገባና እዚያው ይቀራል፤ አካሉ ግን ውጭ ራሱን እንደሳተ ይቆያል።

ከእውነታው ጋር ሲነጻጸር

ጄምስ ቤድፎርድ የተባለ አሜሪካዊ በ1967 እ.ኤ.አ. ከሞተ በኋላ አስከሬኑ ወደፊት ይነሳል በሚል ተስፋ እንዲቀዘቅዝ ተደርጓል። እስካሁን በዚህ መንገድ ከቀዘቀዙት ሰዎች አንድም የተነሳ የለም። ከችግሮቹ አንዱ በሚቀዘቅዝበት ጊዜ ውኃ ወደ በረዶ ተለውጦ ሴሎችን መጉዳቱ ነው። ይህን ለመቀነስ የሚጨመሩት ኬሚካሎችም በብዛት ሲሆኑ መርዛማ ናቸው።

አእምሮን መገልበጥም ገና ሩቅ ነው። 302 የነርቭ ሴሎች ብቻ ያሉት ሲ ኤሌጋንስ የተባለ ትንሽ ትል የነርቭ ካርታ በ1986 እ.ኤ.አ. ታትሟል፤ ሆኖም የትሉን ባህሪ ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር መድገም አልተቻለም። የሰው አንጎል ወደ 86 ቢሊዮን የሚጠጉ የነርቭ ሴሎች አሉት።

ይህ ቢሳካ እንኳ የፊልሞቹ ጥያቄ አይቀርም። በኮምፒውተር ፋይል ከአንድ ዲስክ ወደ ሌላ ዲስክ «ሲዛወር» በተግባር የሚሆነው አዲስ ቅጂ ተጽፎ ነባሩ መሰረዙ ነው። ለፋይል ሁለቱ ልዩነት የላቸውም። ለሰው ግን አዲሱ ቅጂ ሁሉን ቢያስታውስም፣ ነባሩ ሰው ከሞት አመለጠ ማለት ይቻላል ወይ የሚለው ፈላስፎችን እስካሁን የሚያከራክር ነው።