ከደቅ ግዞት እስከ ዳጋ ሣጥን፦ ዐፄ ዘድንግልን የጣለው ምንድን ነው?

ከጣና ደሴቶች ትልቁ ደቅ ነው። ከአጠገቡ፣ ጥቅጥቅ ያለ ጫካ በሸፈነው ኮረብታ ላይ፣ ዳጋ እስጢፋኖስ የተባለው ገዳም አለ። ወደዚያ መውጣት የሚፈቀደው ለወንዶች ብቻ ነው። በገዳሙ ዕቃ ቤት የነገሥታት ዐፅም በሣጥን ሆኖ ተቀምጧል፤ የይኩኖ አምላክ፣ የዳዊት፣ የዘርዐ ያዕቆብ፣ የዘድንግል፣ የፋሲለደስ። ጎብኚ አብዛኛውን ጊዜ ዘርዐ ያዕቆብንና ፋሲለደስን አይቶ ይመለሳል። የዘድንግልን ስም ከዚያ በፊት የሰማ ጥቂት ነው።

ለእኔ ግን ከአምስቱ ሁሉ ለደቅ የሚቀርበው እርሱ ነው። ሳይነግሥ በፊት ደቅ ላይ ታስሯል፤ ከሞተም በኋላ አስከሬኑ ከደቅ ፊት ለፊት አርፏል። በእስሩና በቀብሩ መካከል ነግሦ የቆየው አንድ ዓመት ያህል ብቻ ነው። በዚያች ዓመት ያነሣው ጥያቄ ግን ከአራት መቶ ዓመት በኋላም አልተዘጋም፦ ገባሩ ማን ነው፣ ሰው ወይስ መሬት?

ነገሩ የሚነሣው ከዐፄ ሠርፀ ድንግል ሞት ነው (የጥንቱን ዘመን በአውሮፓ አቆጣጠር እጠቅሳለሁ)፤ ይህም 1597 ነው። ንጉሡ ከእቴጌ ማርያም ሥና ወንድ ልጅ ስላልነበረው የወንድሙን የልሳነ ክርስቶስን ልጅ ዘድንግልን ለአልጋው አስቦ ነበር። በመጨረሻው ሰዓት ግን እቴጌይቱና መኳንንቱ ከሌላ ሴት የወለደውን የሰባት ዓመት ልጁን ያዕቆብን እንዲያነግሥ አግባቡት። ሕፃን ሲነግሥ የሚገዛው ሞግዚቱ ነውና ምክንያታቸው ሩቅ አይፈለግም። ለአቅመ አዳም የደረሰው ዘድንግል ደቅ ላይ ተጋዘ። ሌላው የዘውድ ተስፈኛ ሱስንዮስ ደግሞ ወደ ኦሮሞዎች ሸሸ።

ደቅ ለምን ተመረጠ? የንጉሥ ዘሮች ቀድሞ ይታሰሩ የነበረው በግሸን አምባ ነው፤ አምባው ግን በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጊዜ፣ በ1540 ገደማ ተደፍሮ ፈረሰ። የጎንደር ነገሥታት የተጠቀሙበት ወኅኒ አምባ ደግሞ ገና አልመጣም። በሁለቱ አምባዎች መካከል ባለው ዘመን ለዚህ ጉዳይ የጣና ውሃ አገልግሏል። ውሃ ግን እንደ ገደል አይደለም፤ ታንኳ ያገኘ ይሻገረዋል። ዘድንግልም አምልጦ በጎጃም ተራሮች ተሸሸገ።

ያዕቆብ አድጎ በራሱ ቃል ማዘዝ ሲጀምር፣ ያነገሡት ሰዎች ተከፉ። በ1603 የቁርባን ጭፍራ አለቃ የነበረው ራስ ዘሥላሴ ያዕቆብን አስወርዶ ወደ እናርያ አስጋዘውና ስደተኛውን ዘድንግልን ከተሸሸገበት አምጥቶ አነገሠው። ባለውለታ ንጉሥ ያገኘ መስሎት ነበር።

እዚህ ላይ የዘመኑን ጦር አኗኗር ማወቅ ያስፈልጋል። ዛሬ ጨዋ ስንል ሥነ ምግባር ያለውን ሰው ማለታችን ነው። በዚያ ዘመን ጨዋ የንጉሡ ቋሚ ጭፍራ ስም ነበር። ጨዋ ደመወዝ አልነበረውም፤ በየአገሩ በገባር ላይ ይተከላል፣ ገባሩም ያበላዋል። ወታደሩ የሚቀበለው ከእርሻው ብቻ አይደለም፤ ከሰውየው ጉልበት፣ ከጎተራው፣ ከበረቱ ነው። በጦርነቱ፣ በኦሮሞዎች መስፋፋትና በአልጋ ሽኩቻ ጭፍራው በየጊዜው ሲዘዋወር፣ በአዲሱ ቦታ የሚቀበለው ገባር ያው ለሌላ ጭፍራ ሲገብር የከረመው ይሆናል። ቁርባን የተባለው ጭፍራ የሠርፀ ድንግል ዘመን ፍሬ ሲሆን፣ ዘውድ እስከ መስጠትና እስከ መንሣት ደርሶ ነበር።

ዘድንግል አዋጅ አስነገረ። በግእዝ የተጻፈው የዜና መዋዕል ቃል በአማርኛ ሲፈታ ሐሳቡ ይህ ነው፦ ሰው ሐራ ይሁን፣ የሚገብረው መሬት ይሁን። ሐራ የሚለውን የግእዝ ቃል ልብ ይሏል። ጭፍራ ማለት ነው፤ ነጻ የሆነ ሰው ማለትም ነው። ንጉሡ ገበሬውን ነጻ አወጣሁት ማለቱ ነው ወይስ ወታደር አደረግሁት? እኔ እንደምረዳው ሁለቱንም ነው፤ ያስፈራውም ይህ ነው። ገበሬው ራሱ ጋሻ ካነሣ፣ ግብሩም በራሱ ላይ ሳይሆን በያዘው መሬት ላይ ከተቆረጠ፣ በቤቱ ተተክሎ የሚበላው ጨዋ ምን ሥራ ይቀረዋል?

በዚህ ላይ ሃይማኖት ተጨመረ። ኢየሱሳዊው ፔድሮ ፓኤዝ በ1603 ትግራይ ፍሬሞና ገብቶ፣ በማግስቱ ዓመት ቤተ መንግሥት ተጠራ። ዘድንግል በትምህርቱ ተማረከ። ለሮማው ጳጳስ ለክሌመንት 8ኛና ለስፔን ንጉሥ ለፊሊጶስ 3ኛ ደብዳቤ ላከ፤ የቀዳሚት ሰንበት እንዳይከበርም አዘዘ። ፓኤዝ ራሱ አትቸኩል ብሎ መክሮት ነበር። ጳጳሱ አቡነ ጴጥሮስ ሕዝቡንና ጭፍራውን ለንጉሡ ከገቡት መሐላ ፈቷቸው፤ ጳጳስ ሕዝብን ለንጉሥ ከገባው መሐላ ሲፈታ ቀላል ነገር አይደለም። ዘሥላሴም ያነገሠውን ሰው ሊያወርድ ተነሣ።

ጥቅምት 24 ቀን 1604 በደምቢያ ሜዳ፣ ባርጫ በተባለ ቦታ ተዋጉ። ተጓዡ ጄምስ ብሩስ እንደጻፈው ከንጉሡ ጎን የቆሙት የፖርቱጋሎች አለቃ ዮሐንስ ገብርኤል፣ ጊዜ ከተሰጣቸው ዐመፀኞቹ ራሳቸው ይበተናሉ ብሎ ውጊያውን እንዲያዘገየው ንጉሡን ለምኖ ነበር። አልሰማውም። በጦር ተወግቶ ወደቀ፤ ሬሳውም ለቀናት ሜዳ ላይ ቀርቶ በኋላ በአንዲት ትንሽ ቤተ ክርስቲያን ተቀበረ። የደምቢያ ሜዳ ወደ ጣና የሚዘልቅ ነው፤ ከዚያ እስከ ደቅ ያለው ውሃ ብቻ ነው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ይጀምራል። የኢየሱሳውያን ጽሑፍ ንጉሡን ለሃይማኖቱ የሞተ ያደርገዋል። በእኛም አገር ሲወራ የሚሰማው ብዙውን ጊዜ ይኸው ነው፤ ካቶሊክ ሆነ፣ አቡኑ ገዘተው፣ ሞተ። ፕሮፌሰር መርዕድ ወልደ አረጋይ የዘመኑን ሰነዶች መርምረው ትኩረቱን ወደ አዋጁና ወደ ጨዋው አዞሩት። እኔ ከእርሳቸው ጋር ነኝ። ሱስንዮስ ካቶሊክነቱን በይፋ ያወጀው በ1622 ነው፤ ብዙ ደም ፈሶበትም እስከ 1632 በዙፋኑ ላይ ቆይቷል። ዘድንግል ገና ደብዳቤ ልኮ፣ አንድ ትእዛዝ አውጥቶ በወራት ውስጥ ወደቀ። ልዩነቱ ዘድንግል ሃይማኖቱን ከመንካቱ በፊት የወታደሩን እንጀራ መንካቱ ነው። የአቡኑ ግዝት ቀድሞ ለተቀየመ ጦር ፈቃድ ሰጠ እንጂ ቅያሜውን የፈጠረው አይደለም።

የዘድንግል ዕጣ በዓለም ከታወቀው ከናፖሊዮን ዕጣ ጋር ይመሳሰላል። ባርጫ ላይ ዘድንግል ከወደቀ ልክ ሁለት መቶ ዓመት ሲሆን፣ በ1804፣ ናፖሊዮን ፓሪስ ላይ ዘውድ ጫነ። እርሱም ከኤልባ ደሴት አምልጦ በ1815 ዙፋን ላይ ተመለሰ፤ መቶ ቀን ያህል ገዝቶ ዋተርሎ ላይ ተሸነፈ። በ1821 በሌላ ደሴት፣ በሴንት ሄለና ሞተ፤ አስከሬኑም ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በኋላ ፓሪስ ገባ። ይበልጥ የሚያስተምረኝ ግን ልዩነታቸው ነው። ፈረንሳይ የጭሰኛውን ግዴታ ከ1789 ጀምራ ሽራ፣ በ1793 ዜጋውን ሁሉ ለጦር ጠርታ ነበር። ናፖሊዮን የመጣው ከዚህ በኋላ ነው፤ የገበሬ ልጆች ያሉበት ጦር ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ዘድንግል ጋ አዋጁ ነበረ፤ አዋጁ የሚፈጥረው ጦር ግን ገና አልነበረም። በባርጫ ሜዳ ከጎኑ የቆሙት ጥቂት ጠብመንጃ የያዙ ፖርቱጋሎችና ያልከዱት ጭፍሮች ናቸው።

አዋጁ ከባለቤቱ ጋር ተቀበረ፤ ጥያቄው ግን እየደጋገመ ተነሣ። በ1960 ዓ.ም. መንግሥት በእርሻ ገቢ ላይ ግብር ሲጥል የጎጃም ገበሬ መሬቱ ሊለካ፣ ርስቱም ሊነካ ነው ብሎ ሸፈተ። ጦር ተላከ፤ በመጨረሻ ግን ጠቅላይ ገዥው ተነሡ፣ ግብሩም ቀረ። መሬት ይገብር የሚለው ሐሳብ ለዘድንግል ገበሬ ነጻነት ነበር፤ ለዚህኛው ደግሞ ርስት የመነጠቅ ሥጋት ሆነ። ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በየካቲት 1957 ዓ.ም.፣ ተማሪዎች መሬት ላራሹ እያሉ አዲስ አበባ ላይ ተሰልፈው ነበር። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ደርግ የገጠር መሬትን ሁሉ የሕዝብ ሀብት አደረገ፤ የጭሰኛና የባለርስት ግንኙነት በሕግ አበቃ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ አይሸጥም አይለወጥም ይላል። ዛሬ የአማራ ክልል ገበሬ እጅ ያለው የመሬት ደብተር ይዞታውን እንጂ ባለቤትነቱን አያረጋግጥም። ደብተሩን የያዘው ሰው የመሬቱ ጌታ ነው ወይስ ተጠቃሚ የሚለው ክርክር በምሁራንም በገበሬውም ዘንድ ቀጥሏል።

ዘድንግልን የጣሉትም ብዙ አልቆዩም። ያዕቆብ ከግዞት ተመልሶ ዳግም ቢነግሥም፣ በመጋቢት 1607 ጎል በተባለ ቦታ በሱስንዮስ ተሸንፎ ሞተ፤ አቡነ ጴጥሮስም እዚያው ከእርሱ ጋር ወደቁ። ሱስንዮስ ከነገሠ በኋላ፣ ባርጫ ከተደረገ አሥር ዓመት ያህል ሲሆነው፣ የዘድንግልን አስከሬን አስወጥቶ በክብር ወደ ዳጋ እስጢፋኖስ አሻገረው። ራስ ዘሥላሴ ከያዕቆብ ወደ ሱስንዮስ ዞረ፤ ጥቂት ሳይቆይ ሱስንዮስ አሰረውና ጎጃም ውስጥ ጉዛምን ላይ አጋዘው። አምልጦ ወለቃ ገብቶ ሽፍታ ሆነ። ብሩስ እንደሚለው እዚያ የገደለው ወታደር አልነበረም፤ አንድ ገበሬ ነበር፣ ራሱንም ቆርጦ ለንጉሡ ላከለት።