ጠባብ በር፣ አጭር ጊዜ፦ የልብ ሕመምተኛ ለሌላ ቀዶ ሕክምና ሲቀርብ

የልብ ሕመም ያለበት ሰው ከልቡ ውጭ በሆነ የአካል ክፍሉ ላይ ቀዶ ሕክምና ሊያስፈልገው ይችላል። ትርፍ አንጀት ይቆጣል፤ አንጀት ይታጠፋል፤ ምጥ ይጠናል። በዚህ ጊዜ ሐኪሙ «ይህ ልብ ሸክሙን እንዴት ይወጣዋል?» ብሎ መጠየቅ ይኖርበታል። ለመልሱ የሕክምና ዕውቀት ብቻ ሳይሆን በመጀመሪያ ዓመት የፊዚክስ ትምህርት የምናገኛቸው ሕግጋትም ያስፈልጋሉ። በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተውም ይህንኑ ነው።

መመዘኛው ለማን ተሠራ?

በዓለም ላይ በስፋት ከሚሠራባቸው መመዘኛዎች አንዱ ዶክተር ቶማስ ሊ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ1999 በአሜሪካ ያወጡት ነው። የሚቆጥራቸው ነጥቦች ስድስት ናቸው፦ የቀዶ ሕክምናው ክብደት፣ ልብን የሚመግቡ የደም ሥሮች መጥበብ፣ የልብ ድካም፣ ስትሮክ፣ በኢንሱሊን የሚታከም የስኳር በሽታ እና የኩላሊት ድክመት። የተጠኑት 4,315 ሕሙማን ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ ሲሆን፣ ቀዶ ሕክምናቸውም በቀጠሮ የተደረገ ነበር።

አሁን ወደ ዋግ ሕምራ፣ ወደ ደሃና ወረዳ እንሻገር። ከአምደ ወርቅ አካባቢ ትርፍ አንጀቷ ተቆጥቶ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል የምትላክ አንዲት የ20 ዓመት ወጣት በሐሳባችን እንያዝ። ይህች ወጣት ሩማቲክ የልብ ሕመም እንዳለባት እናስብ። ሕመሙ በልጅነት ከሚይዝ የጉሮሮ ቁስለት ተነሥቶ የልብን በሮች (ቫልቮች) የሚያበላሽ ሲሆን፣ በአገራችን የብዙ ወጣቶችን ልብ ይጎዳል። በመመዘኛው ሆዷ ስለሚከፈት አንድ ነጥብ ታገኛለች፤ የልቧ በር በመጥበቡ ግን ምንም አይቆጠርባትም። እንግዲህ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሳለ አደጋው ከፍ ሊል ይችላል ማለት ነው።

የበሩ ስሌት

በግራ በኩል ያሉትን የላይኛውንና የታችኛውን የልብ ክፍሎች የሚያገናኘው በር በጤናማ ሰው ከ4 እስከ 6 ካሬ ሴንቲ ሜትር ይከፈታል። በወጣቷ ልብ 1 ካሬ ሴንቲ ሜትር ብቻ ቀርቷል እንበል። ደም በዚህ በር የሚያልፈው ልብ በሚላላበት ጊዜ ብቻ ነው። ልብ በደቂቃ 60 ጊዜ ሲመታ የመላላቱ ጊዜ ተደምሮ 40 ሴኮንድ ያህል ይሆናል፤ ምቱ ወደ 120 ሲያሻቅብ ግን ወደ 30 ሴኮንድ ያጥራል። መንጋ በጠባብ የበረት በር ሲገባ ጊዜው ካጠረ ግፊያው እንደሚበረታ ሁሉ፣ ደሙም እንዲሁ ነው።

ከበርኑሊ ሕግ የተገኘው ቀላል ቀመር፣ በበሩ ግራና ቀኝ ያለው የግፊት ልዩነት በሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ሲለካ የፍጥነቱ ካሬ አራት እጥፍ ነው ይላል፤ ፍጥነቱ የሚለካው በሜትር በሴኮንድ ነው። ልብ በደቂቃ 5 ሊትር ደም ቢያሳልፍ፣ በ40 ሴኮንድ ፍጥነቱ 1.25፣ የግፊት ልዩነቱም 6 ገደማ ይሆናል። በ30 ሴኮንድ ልዩነቱ ወደ 11 ከፍ ይላል። ሕመምና ትኩሳት የደሙን መጠን ወደ 8 ሊትር ቢያሳድጉት ደግሞ 28 ይደርሳል። ግምታዊ ስሌት ቢሆንም ትርጉሙ ግልጽ ነው፤ ይህ ግፊት ወደ ኋላ ተመልሶ በሳንባ ላይ ይጫናል። በሳንባ ጥቃቅን የደም ሥሮች ውስጥ ያለው ግፊት 25 ገደማ ሲያልፍ ውኃ ወደ ሳንባ መፍሰስ ይጀምራል። ቀደም ሲል ደህና ትመስል የነበረችው ወጣት በሰዓታት ውስጥ ትንፋሽ ሊያጥራት ይችላል።

ከስሌቱ ወደ ቀዶ ሕክምናው ክፍል

የሐኪሞች ጥንቃቄ ከዚሁ ይመነጫል። የልብ ምት እንዳይፈጥን ሕመሙ ይታገሣል፤ ትኩሳቱና ደም መፍሰሱም ይታከማል። በደም ሥር የሚሰጠው ፈሳሽ ቢበዛ ሳንባን ያጥለቀልቃል፤ ቢያንስ ደግሞ ልብ የሚረጨውን ያጣል። ከወገብ በታች የሚያደነዝዘው መርፌ የደም ግፊትን በድንገት ሊጥል ስለሚችል፣ ሰመመን ሰጪው በጥንቃቄ መጠቀም ይኖርበታል። የዋግ ደጋ ከፍታ 2,000 ሜትርን በሚያልፍበት ስፍራ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለል ሦስት አራተኛ ያህል በመሆኑ ተጨማሪ ኦክስጅንን በቅርብ ማዘጋጀት ይገባል።

የልብ ምትን የሚያዘገየውን መድኃኒት ቀድሞም የሚወስድ ሕመምተኛ እንዲያቋርጥ አይደረግም። ይሁን እንጂ በቀዶ ሕክምናው ዕለት በከፍተኛ መጠን መጀመር አደገኛ ነው። እ.ኤ.አ. በ2008 የታተመውና ከ8,000 በላይ ሕሙማንን ያካተተው ፖይዝ የተሰኘ ጥናት፣ ይህ አሠራር የልብ ጥቃትን ቢቀንስም ስትሮክንና ሞትን እንደሚጨምር አሳይቷል። የደም ማቅጠኛ የሚወስዱ ሕሙማንም መቼ እንደሚያቆሙና መቼ እንደሚቀጥሉ የሚወስነው ሐኪሙ ነው።

ቀዶ ሕክምናው ጊዜ የሚሰጥ ከሆነ በሩን አስቀድሞ በአልትራሳውንድ መርምሮ ማስፋት ይቻል እንደሆነ ይታያል። አጣዳፊ ከሆነ ግን የልብ ማዳመጫውና ጥያቄው ቀዳሚ መሣሪያዎች ናቸው። በውጭ አገር ሐኪሙ «ሁለት ፎቅ ደረጃ ሲወጡ ይደክምዎታል?» ብሎ ይጠይቃል። ለደሃና ወጣት ግን «ውኃ ቀድተሽ ዳገቱን ስትወጪ እንደ እኩዮችሽ ትሄጃለሽ? ወይስ መንገድ ላይ ታርፊያለሽ?» የሚለው ይበልጥ ይናገራል።

ከሁሉ የሚሻለው ግን በሩ ሳይጠብ መከላከል ነው። የልጆች የጉሮሮ ቁስለት በፔኒሲሊን ይታከማል እንጂ እንጥል በማስቆረጥ አይድንም። ሕመሙ ቀድሞ የያዛቸው ወጣቶችም በየሦስት ወይም በየአራት ሳምንቱ የሚወጉትን መርፌ ማቋረጥ የለባቸውም። ወደ ማንኛውም ቀዶ ሕክምና ሲሄዱም የልብ ሕመም እንዳለባቸው አስቀድመው ይናገሩ። ሐኪሙ የጠበበውን በር ሊጠብቀው የሚችለው መኖሩን ሲያውቅ ነውና።