የእህል የእሳት እራትን በክንፏ መለየት

አዝመራው ተሰብስቦ እህሉ ጎተራ ሲገባ የገበሬው ቤተሰብ የዓመቱ ልፋት የተጠናቀቀ ይመስለዋል። ሆኖም በበቆሎና በማሽላ ክምችት ላይ የምታንዣብብ አንዲት ትንሽ የእሳት እራት ቀለቡንና ዘሩን ውስጥ ውስጡን ልታመናምነው ትችላለች። በዚህ ጽሑፍ ይህች ተባይ እንዴት እንደምትለይና እንዴት እንደምትገታ እናብራራለን።

ሳይንሳዊ ስሟ ሲቶትሮጋ ሴሪያሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1760 በፈረንሳይ የአንጉሙዋ አውራጃ እህል በእርሷ ክፉኛ በመጎዳቱ የሀገሪቱ የሳይንስ አካዳሚ ሁለት ሊቃውንትን ልኮ አስጠንቷታል፤ የአውራጃውም ስም መጠሪያዋ ሆኖ ቀርቷል።

ክንፎቿ ሲዘረጉ ከጫፍ እስከ ጫፍ 1.5 ሳንቲ ሜትር ገደማ ይሆናሉ። የፊት ክንፎቿ የገለባ መልክ ያላቸው ሲሆኑ ብዙውን ጊዜ አንድ ትንሽ ጥቁር ነጥብ ይታይባቸዋል። የኋላ ክንፎቿ ግራጫ ናቸው፤ ጠርዛቸው በረጃጅም ጸጉር የተከበበ፣ ጫፋቸውም እንደሚጠቁም ጣት የሾለ ነው። ስትነካ እጅ ላይ የሚቀረው ዱቄት መሰል ነገር የክንፏ ቅርፊት ነው። ቀለሟ በዚህ ቅርፊት ላይ ስለሆነ ነጥቧ ተፍቆ ሊጠፋ ይችላል፤ የሾለው የክንፏ ጫፍ ግን መለያዋ ሆኖ ይቀራል።

ፕሎዲያ የተባለችው ሌላዋ የጎተራ እራት ግን የፊት ክንፏ ባለ ሁለት መልክ ነው፤ ወደ ሰውነቷ ያለው ሲሶ ፈዛዛ ግራጫ፣ የቀረው መዳብማ ነው።

ልዩነቱን ማወቅ የሚጠቅመው ጉዳታቸው ስለሚለያይ ነው። የፕሎዲያ ትል ከፍሬው ውጭ እየተመገበ ድር ያደራል፤ ስለዚህ ቶሎ ይታያል። የሲቶትሮጋ ትል ግን ፍሬውን ሰርስሮ ገብቶ እዚያው ያድጋል። ክብ ቀዳዳ በፍሬው ላይ ስናይ እራቷ ወጥታ ሄዳለች ማለት ነው። እንዲህ የተቦረቦረ ፍሬ ለዘር አይታመንም።

ወረራው ከማሳ ስለሚጀምር የደረሰ ሰብል ሳይዘገይ ይሰብሰብ፤ በሚገባም ይድረቅ። ጎተራው ተጠርጎ የከረመው እህል ከአዲሱ ይለይ። እራቷ ወደ እህል ክምር ጥልቀት መዝለቅ ስለማትችል በቆሎው ተፈልፍሎ ቢቀመጥ ጉዳቱ በላይኛው ክፍል ይወሰናል። አየር በማያስገባ ከረጢት በደንብ የታሰረ ደረቅ እህል ውስጥም ተባዮቹ ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ። ለዘር የሚቀመጠው እህል ከሁሉ አስቀድሞ በዚህ መንገድ ሊጠበቅ ይገባል እንላለን።