ፌስታሉ አናት ላይ ያለችው ቀዳዳ

ልጁ የስድስተኛ ክፍል ተማሪ ነበር። ፓራሹቱን የሠራው ከጥቁር ፌስታል ነው፤ ክሩን ከማዳበሪያ ጆንያ ላይ ተርትሮ አውጥቶታል፤ ከሥሩ አራት ቆርኪ በሽቦ አስሮ አንጠልጥሏል። አናቱ ላይ፣ ልክ መሃሉ ላይ፣ የሃምሳ ሳንቲም የምታህል ክብ ቀዳዳ ነበረች። እንዳትቀደድ ዙሪያዋን በእሳት ለብልቦ አጠንክሯታል።

የትምህርት ቤቱ የሳይንስ ኤግዚቢሽን ዕለት ዳኞቹ ሦስት ነበርን። አንዱ ባልደረባችን ቀዳዳዋን አይቶ «ይሄማ ተቀዷል» አለና ከጠረጴዛው ላይ ስኮች አነሳ። ክፋት የለበትም፤ ልጁን መርዳቱ ነው። ልጁ ዝቅ ባለ ድምፅ «ቲቸር፣ ካልተበሳ ይሰክራል» አለ። እኔ ሰምቼዋለሁ። ገና ሃያ ያህል ሥራ ይጠብቀን ነበር፤ ሰማዩም ጠቁሯል፤ ዝም አልኩ። ፓራሹቱ ከሁለተኛ ፎቅ ሲለቀቅ ልጁ እንዳለው ሰከረ። ግራና ቀኝ እየተንገዳገደ ግድግዳውን መታ፣ ክሩ ተጠላለፈ፣ ቆርኪዎቹ ሲሚንቶው ላይ ተንኳኩ። የውጤት ወረቀቱ ላይ በአሠራር ረድፍ «ጉድለት አለው» ተብሎ ተጻፈ። ከሥሩ ፊርማዬ አለበት።

ይህን የምጽፈው ባልደረባዬን ለመውቀስ አይደለም። እሱ ያደረገውን በየዓመቱ በየትምህርት ቤቱ አየዋለሁ። መምህሩ ቀዳዳውን ያሽጋል፤ ወላጅ ቤት ውስጥ ድርብ ፌስታል ያለብሳል፤ ታላቅ ወንድም ጠርዙን በፕላስተር ይጠቀልላል። ለምን ብዬ ስጠይቅ መልሱ አንድ ነው፦ «አየሩ እንዳያመልጥ»። ይህችን ዓረፍተ ነገር ስንት ጊዜ እንደሰማኋት ቁጥሩ ጠፍቶብኛል፤ አሁን ስሰማት ድካም ይጫነኛል።

የቋንቋችንም እጅ ያለበት ይመስለኛል። ፓራሹትን ጃንጥላ እንለዋለን። ጃንጥላ ደግሞ ሥራው ማስጠለል ነው፤ የተበሳ ጃንጥላ አናት ያስመታል፣ የቸልተኛ ሰው ዕቃ ነው። ስለዚህ ልጁ ፌስታል ዘርግቶ ሲመጣ ዓይናችን እንደ ጣሪያ ያየዋል፤ ቀዳዳ ካለውም ያፈሳል ብለን እንፈርዳለን። ፓራሹት ግን የሚያስጠልለው ነገር የለም። ከሥር የሚመጣውን አየር እየገፋ፣ እየበተነ፣ ወደ ጎን እየመለሰ የሚወርድ ፍሬን ነው። አየር መያዝ ቢሆንማ ዋናው ነገር፣ አፉ የታሰረ ፌስታል ከሁሉ የተሻለ ፓራሹት በሆነ ነበር። አራት ቆርኪ አስራችሁበት ከፎቅ ልቀቁትና እዩት።

አየሩ ማምለጡ እንደሆነ አይቀርም። ጥያቄው በየት በኩል ነው የሚለው ነው። አናቱ ድፍን በሆነ ፓራሹት ውስጥ ያለው የመውጫ በር ጠርዙ ብቻ ነው። አየሩ በዙሪያው ሁሉ እኩል ቢፈስ ባልከፋ፤ ነገር ግን አንዴ በዚህ ጎን፣ አንዴ በዚያ ጎን እየተሽከረከረ ያመልጣል። ባመለጠበት በኩል ፌስታሉ ያዘነብላል፣ ሸክሙ እንደ ግድግዳ ሰዓት ፔንዱለም ይወዛወዛል፣ ውዝዋዜው ደግሞ የሚቀጥለውን ማምለጫ ይከፍታል። ልጁ «ይሰክራል» ያለው ይህንኑ ነው፤ ከዚህ የተሻለ ቃል እኔም አላገኘሁለትም። አናቱ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ስትኖር ግን ከአየሩ ጥቂቱ ሳያቋርጥ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል። ከላይ ያለው ፍሰት ይረጋጋል፤ ጠርዙም ተራ በተራ መንጠቁን ይቀንሳል።

ስለ ውዝዋዜው ሰው የተማረው በመጫወቻ አይደለም። ፈረንሳዊው አንድሬ ዣክ ጋርነሪን እ.ኤ.አ. ጥቅምት 22 ቀን 1797 ፓሪስ ላይ ከሃይድሮጂን ፊኛ ራሱን ሲለቅ የሐር ፓራሹቱ አናት ድፍን ነበር። በሕይወት ወረደ፤ ነገር ግን የተንጠለጠለበት ቅርጫት እስከ መሬት ድረስ ክፉኛ ሲወዛወዝ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1802 ለንደን ላይ ሲዘል ካዩት መካከል ሮበርት ኮኪንግ የሚባል ሠዓሊ ነበረበት። ኮኪንግ ያንን ውዝዋዜ ለማጥፋት ዓመታት ደከመ፤ ያሰበው መድኃኒት ግን ሌላ ነበር። ነፋስ እንደ ገለበጠው ጃንጥላ አፉን ወደ ሰማይ የከፈተ ፓራሹት ሠራ። ክብደቱ ከመቶ ኪሎ በላይ፣ ማገሩ ደካማ ነበር። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 24 ቀን 1837 አየር ላይ ተሰባበረበትና ሞተ። በስድሳ አንድ ዓመቱ። ይህን ታሪክ ክፍል ውስጥ ስናገር ተማሪዎቼ ጸጥ ይላሉ፤ እኔም ቶሎ አላልፈውም። ዛሬ ክብ ፓራሹት የሚሠራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አናቱ ላይ ቀዳዳ ይተዋል። እ.ኤ.አ. የካቲት 2021 ፐርሰቪራንስ የተባለችው ተሽከርካሪ ማርስ ላይ ስትወርድ ያዘገያት 21.5 ሜትር ስፋት ያለው ፓራሹትማ ከአናቱ ቀዳዳ ሌላ ዙሪያውን የከበበ ክፍተት ጭምር ነበረው። ማንም በስኮች አላሸገውም።

«ቀዳዳው ቶሎ እንዲወርድ ያደርገዋል» የሚሉኝ የሙያ ጓደኞች አሉ። ይህ በቁጥር የሚዳኝ ስለሆነ እንቁጠረው። ፌስታሉ ከጫፍ ጫፍ 40 ሳንቲ ሜትር ከሆነ፣ ቀዳዳው 4 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ከጠቅላላው ስፋት የሚወስደው አንድ መቶኛ ነው። የመውረጃው ፍጥነት የሚወሰነው በስፋቱ ካሬ ሥር ስለሆነ የሚጨመረው ግማሽ በመቶ ገደማ ነው። ሦስት ሰኮንድ በሚፈጅ ውርወራ ላይ ይህ ከሰኮንድ መቶኛ ሁለት እንኳ አይሞላም። የሩጫ ሰዓቱን የሚጫነው ጣት ራሱ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይዘገያል። ልጁ የበሳት ደግሞ ከ4 ሳንቲ ሜትርም ታንስ ነበር። ዝግ ብሎ እንዲወርድ ከፈለጋችሁ አስፉት፤ ሸክሙ ሳይለወጥ ከጫፍ ጫፍ ያለውን ርዝመት እጥፍ ስታደርጉት ፍጥነቱ በግማሽ ይቀንሳል። ቀዳዳዋን ተዉአት።

ከፍታ ላይ ለምትኖሩም አንድ ነገር ልጨምር፣ ከሌላ አገር መመሪያ ላይ ልኬት የሚገለብጡ መምህራን ስላጋጠሙኝ። አዲስ አበባ ላይ አየሩ ከባሕር ወለል አየር በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ያው ፓራሹት፣ ያው ሸክም፣ እዚህ ከመቶ ከዐሥር እጅ በላይ ፈጥኖ ይወርዳል። መመሪያው ላይ በዝግታ ሲወርድ የተገለጸው መጫወቻ ግቢያችን ውስጥ ፈጠን ቢል የልጁ ጥፋት አይደለም። ቀዳዳዋ ከምትጨምረው ፍጥነት አየራችን የሚጨምረው ከሃያ እጥፍ ይበልጣል፤ አየሩን ግን ማንም በውጤት ወረቀት ላይ አይቀጣውም።

ከሁሉ በላይ የሚያናድደኝ የምንለካው ነገር ነው። ወረቀታችን ላይ «አሠራር»፣ «ንጽሕና»፣ «አቀራረብ» አለ፤ የት አረፈ የሚል ረድፍ የለም። ፓራሹት ሸክሙን ባሰብነው ቦታ፣ ሳያንገላታ ለማድረስ የተሠራ ነገር ሆኖ ሳለ ማረፊያውን የሚያይ ዳኛ የለንም። ባለቀለም ወረቀትና አዲስ ሪቫን ከሱቅ ገዝቶ ያመጣ ልጅ በንጽሕና ይበልጣል፤ ከጆንያ ክር የተረተረው ደግሞ «ቆሻሻ» ይባላል፣ የውድድሩ ርዕስ «ከወዳደቁ ዕቃዎች» ሆኖ ሳለ።

ዘንድሮ እኔ ባለሁበት ትምህርት ቤት እንዲህ አድርገን ሞከርነው። ሲሚንቶው ላይ በጠመኔ ክብ ሣልን፤ ከዚያ አንዱን ፓራሹት፣ ክሩንና ሸክሙን ሳንለውጥ፣ ዐሥር ጊዜ ቀዳዳውን ከፍተን፣ ዐሥር ጊዜ በስኮች ሸፍነን ለቀቅነው። ያረፈበትን ነጥብ ልጆቹ ራሳቸው ምልክት አደረጉ። ቀዳዳው ክፍት የነበረበት ጊዜ ነጥቦቹ ክቡ ውስጥና ዙሪያው ተሰብስበዋል፤ የተሸፈነበት ጊዜ እስከ አጥሩ ድረስ ተበትነዋል።

የምትሞክሩት ከሆነ፦ ፌስታሉን አራት ጊዜ አጥፉትና የመሃሉን ሹል ጫፍ በመቀስ ቁረጡ፤ ቀዳዳዋ መሃሉን ከሳተች ፓራሹቱ ሁልጊዜ ወደ አንድ ጎን ይሄዳል። ትልቅ አድርጋችሁ ከጀመራችሁ መመለሻ ስለሌለው በትንሹ ጀምሩ፣ እየለቀቃችሁ አስፏት። ጠርዟን በክብሪት ለብልቡ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት በፊት፣ ነፋስ ሳይነሳ ይሁን።