የከተማ ዳር አፓርታማ እንደ ቅርስ

በለንደን ደቡብ ምዕራብ ዳርቻ፣ ሃም በሚባለው ሰፈር፣ ፓርክሊስ የተሰኘ የ169 አፓርታማዎች መንደር አለ። በ1956 እ.ኤ.አ. ተጠናቆ በ1998 በቅርስነት ተመዘገበ። ዝቅ ያሉ ሕንፃዎች፣ ጠፍጣፋ ጣሪያ፣ ሰፋፊ መስኮት፤ ቱሪስት የሚያስቆም ነገር የለውም። ቦታው ቀድሞ የችግኝ ጣቢያ ነበርና ሕንፃዎቹ በዛፎቹ መሃል ገብተው ተሠሩ።

አርክቴክቱ ኤሪክ ላየንስ ነው። አጋሩ ጄፍሪ ታውንሴንድም አርክቴክት ነበር፤ ግን የሙያ ማኅበሩ ደንብ አባላት ቤት ገንብተው እንዲሸጡ ስለማይፈቅድ አባልነቱን ትቶ ወጣ። ስፓን በሚል ስም ከሠሯቸው መንደሮች ብዙዎቹ በለንደኑ ብላክሂዝ ይገኛሉ። እዚያ ሆልጌት በተባለው ሕንፃ መግቢያ ላይ በግድግዳ የተጨፈለቀ ሰው ቅርጽ አለ። ላየንስ ከፕላን ሹማምንት ጋር ለተሟገተበት ዘመን ማስታወሻ ነው። ዛሬ ሕንፃው በሕግ የተጠበቀ ነው፤ ጠባቂዎቹም እነዚያው የፕላን ቢሮዎች ናቸው።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠራው ሁሉ እንዲህ ለዓይን የሚመች አልነበረም። የቤት እጥረቱ ያጣደፋቸው የአካባቢ ምክር ቤቶች በረጃጅም የኮንክሪት ብሎኮች ተማመኑ። በ1968 በምሥራቅ ለንደን ባለ 22 ፎቁ ሮናን ፖይንት በጋዝ ፍንዳታ ጥጉ ተደርምሶ 4 ሰው ሞተ። ዳፋው ለጥሩውም ለመጥፎውም ሕንፃ ተረፈ። ያም ሆኖ የሮሃምፕተኑ አልተን ዌስት ብሎኮችና የሼፊልዱ ፓርክ ሂል በ1998 ከፓርክሊስ በላቀ ደረጃ ተመዝግበዋል።

ለእኔ ግን ከኮንክሪቱ የሚበልጠው ቅርስ የስፓን ውል ነው። ቤት የገዛ ሁሉ የነዋሪዎች ማኅበር አባል ይሆናል፤ ለአትክልቱ፣ ለቀለሙ፣ ለጋራ ደረጃው መዋጮ ይከፍላል። ግቢዎቹ ዛሬም ያማሩት በዚህ ነው፤ መዝገብ ሣር አያጭድም።

አስቸጋሪው መስኮቱ ነው። ስስ ፍሬምና ነጠላ መስታወት ከውጭ ያምራል፣ በክረምት ግን ያንዘፈዝፋል። አንዱ ነዋሪ ወፍራም የፕላስቲክ መስኮት ካስገባ የመላው ሕንፃ ፊት ይበላሻል፤ የተመዘገበ ከሆነም ያለ ፈቃድ መለወጥ ወንጀል ነው። ብርዱን የሚችለው ነዋሪው፣ ውበቱን የሚያደንቀው አላፊ አግዳሚው።

ፈረንሳዮቹ አርክቴክቶች ላካቶንና ቫሳል ከባልደረቦቻቸው ጋር በቦርዶ ግራን ፓርክ ሰፈር ሌላ መንገድ ሄዱ። በ530 አፓርታማዎች ፊት ሰፊ ባለመስታወት በረንዳ ቀጠሉ፤ ነዋሪው ቤቱን ሳይለቅ ሥራው ተጠናቀቀ። በ2019 የሚስ ቫን ደር ሮኸ ሽልማት አገኙበት። የድሮው ፊት ግን ፈጽሞ ጠፋ። ሕንፃዎቹ እንግሊዝ ውስጥ የተመዘገቡ ቢሆኑ ኖሮ ፈቃዱን ማግኘታቸው ያጠራጥራል።